የቤተሰብ ሰነዶችን በተርሚናል መመስጠርና መልሶ መፍታት

የፓስፖርት፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የዲግሪና የቤት ካርታ ስካን ዛሬ በየሰው ፍላሽና ላፕቶፕ ውስጥ ይገኛል። ፍላሹ ታክሲ ውስጥ ከወደቀ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ ያገኘው ሰው ሁሉንም ያያል። ፋይሉ ከተመሰጠረ ግን የሚያየው ትርጉም የለሽ የባይት ክምር ብቻ ነው። ይህን የሚሠሩት ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው፤ መመስጠሩም የአንድ መስመር ትዕዛዝ ነው። ሰው ሰነዱን የሚያጣው በሌላ በኩል ነው፦ የይለፍ ሐረጉ ይረሳል፣ ቁልፉ ከላፕቶፑ ጋር ይጠፋል፣ ወይም ያልተመሰጠረው ቅጂ ሳይጠፋ እዚያው ይቀራል። በዚህ መመሪያ ብዙ የምንቆየውም እነዚህ ላይ ነው።

ስለ ትዕዛዞቹ አጻጻፍ አስቀድመን እንናገር። ትዕዛዞቹን እዚህ ያሰፈርናቸው በሚነበቡበት ድምፅ ነው። ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ሲጽፉ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱና ሁሉንም በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይጻፉ። ከአንድ ሰረዝ በኋላ ያለው የአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ስም ነው (-ሲ፣ -ኦ፣ -ዲ)፤ ከሁለት ሰረዝ በኋላ ያለው ሙሉ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። የፋይል ስሞቹን እንደፈለጉ መለወጥ ይችላሉ፤ በስሙ መሃል ባዶ ቦታ ባይኖር ግን ሥራው ይቀላል።

ዝግጅት

ዋናው መሣሪያችን ጂፒጂ የተባለው የምስጠራ ፕሮግራም ነው። የጀመረው ጀርመናዊው ቨርነር ኮህ ሲሆን 1.0 እትሙ የወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ጂፒጂ የሚከተለው ኦፕንፒጂፒ የተባለው ክፍት ደረጃ ፊል ዚመርማን በ1991 እ.ኤ.አ. ካወጣው ፒጂፒ ከተባለ ፕሮግራም የመጣ ነው። ደረጃው ክፍት በመሆኑ ዛሬ የተመሰጠረውን ፋይል ነገ በሌላ አምራች ፕሮግራምም መፍታት ይቻላል። ለዓመታት ለሚቀመጥ ሰነድ ጂፒጂን የመረጥነው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

በኡቡንቱና በዴቢያን ላይ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ተጭኖ ይገኛል። ለዊንዶውስ ጂፒጂ4ዊን የተባለው ጥቅል አለ፤ በማክ ላይ በሆምብሩ (የፕሮግራም መጫኛ መሣሪያ) በኩል ግኑፒጂ የሚለውን መጫን ነው። መኖሩንና ስንተኛው እትም እንደሆነ ለማየት፦

ጂፒጂ --ቨርዥን

2.2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይሠራል።

የይለፍ ሐረጉ

ኤቲኤም ላይ ፒን ቁጥር ደጋግመው ከሳቱ ማሽኑ ያግድዎታል። የተመሰጠረ ፋይል እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ፋይሉን የወሰደ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ፣ ማንም ሳያየው፣ ያለ ገደብ ይሞክራል። ጂፒጂ ሐረጉን ወደ ቁልፍ ሲቀይር ሆን ብሎ ሥራውን ያዘገያል፤ መዘግየቱ ግን በአንድ ሙከራ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የልጅ ስምና የልደት ዓመት የተገጣጠሙበትን ሐረግ ይህ አያድነውም።

አስተማማኙ ዘዴ የሉዶ ዳይስ መጣል ነው። ዳይስዌር የሚባለው የቃላት ዝርዝር 7,776 ቃላት አሉት፤ ዳይሱን አምስት ጊዜ ሲጥሉ የሚመጣው ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር አንድ ቃል ያመለክታል። እያንዳንዱ ቃል 12.9 ቢት ያህል ጥንካሬ ይጨምራል (አንድ ቢት ሲጨመር ለመገመት የሚያስፈልገው ሙከራ በእጥፍ ያድጋል)፤ ስድስት ቃላት ወደ 77 ቢት ይደርሳሉ። ለቤተሰብ ሰነድ ስድስት ይበቃል። ቃላቱ «አያምሩም» ብለው በሌላ አይተኳቸው፤ ጥንካሬው ሰው ስላልመረጣቸው የመጣ ነው።

የአማርኛ ቃላትን መጠቀምም ይቻላል፤ ጥንቃቄ የሚፈልገው ፊደሉ ላይ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ዛሬ «ፀሐይ» ብለው ጽፈው ከሁለት ዓመት በኋላ «ጸሃይ» ቢሉት ፋይሉ አይከፈትም። ሐረጉን የሚቀበለው መስኮት ደግሞ የሚጽፉትን በነጥብ ስለሚሸፍን ስህተቱ የት እንዳለ አይታይም። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሆኑ የግዕዝ ኪቦርድ ላይኖርም ይችላል። ስለዚህ ቃላቱ አማርኛ ቢሆኑም በላቲን ፊደል ይጻፏቸው። አማርኛን በላቲን የመጻፍ አንድ ወጥ ልማድ ስለሌለ አጻጻፉን ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ያስፍሩት።

ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር አይደለም። ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር የሚሰብር ሰው መሳቢያዎ ውስጥ ያለውን ወረቀት አያገኘውም። ከፍላሹ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ግን አይሁን። አንድ ቅጂ በሚያምኑት የቤተሰብ አባል ዘንድ ይቀመጥ፤ ባለቤቱ ቢታመም ወይም ቢሞት ሰነዱን የሚፈልጉት እነሱ ናቸው።

ሐረጉን በትዕዛዙ መስመር ላይ በፍጹም አይጻፉ። ተርሚናሉ የጻፉትን ትዕዛዝ ሁሉ በታሪክ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ በዚያው ኮምፒውተር ላይ የገባ ሌላ ተጠቃሚም እየሄዱ ያሉትን ትዕዛዞች ማየት ይችላል። ጂፒጂ ራሱ ሲጠይቅዎ ብቻ ይመልሱለት።

መመስጠር

ጂፒጂ የሚመሰጥረው ፋይልን እንጂ ፎልደርን አይደለም። ስለዚህ ፎልደሩን መጀመሪያ በታር (ፋይሎችን አንድ ላይ በሚጠቀልል ፕሮግራም) አንድ ፋይል ያደርጉታል፦

ታር -ሲ -ዜድ -ኤፍ ሰነዶች.ታር.ጂዜድ ሰነዶች

ከዚያ ይመሰጥሩታል፦

ጂፒጂ --ሳይፈር-አልጎ ኤኢኤስ256 -ኦ መዝገብ.ጂፒጂ -ሲ ሰነዶች.ታር.ጂዜድ

-ሲ በይለፍ ሐረግ መስጥር ማለት ነው፤ -ኦ ውጤቱ የሚቀመጥበትን ፋይል ይሰይማል። ኤኢኤስ በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት መደበኛ የምስጠራ ስልት ሆኖ የጸደቀው ነው። አዳዲሶቹ እትሞች ባይነገራቸውም ባለ 256 ቢቱን ይመርጣሉ፤ የቆዩት ግን ሌላ ሊመርጡ ስለሚችሉ በግልጽ መጻፉ ይሻላል።

ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። የፋይሉ ስም ከቀደመና -ኦ ከኋላው ከመጣ ጂፒጂ -ኦን እንደ ትዕዛዝ አማራጭ አይቆጥረውም፤ ይህንኑ የሚገልጽ ማስታወሻ ጽፎ ያቆማል። አማራጮቹ ሁሉ ከፊት፣ የሚመሰጠረው ፋይል ከመጨረሻ ነው።

ምስጠራው የፋይሉን ይዘት እንጂ የውጭውን ስም አይሸፍንም። «የቤት-ካርታና-ፓስፖርት.ጂፒጂ» ብሎ መሰየም ውስጡ ምን እንዳለ ለሌባው መንገር ነው። መጠኑና ቀኑም ይታያሉ።

ፍላሽ ላይ የሚያስቀምጡ ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ። ብዙ ፍላሾች ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጁ ስለሆኑ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበሉም። ኮፒው መሃል ላይ ሲቆም የፍላሹ ብልሽት ይመስላል። ለስካን ሰነድ ይህ አይደርስም፤ ቪዲዮ ሲጨመር ግን ይደርሳል። ያኔ ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ፎርማት ማድረግ ውስጡ ያለውን ስለሚያጠፋ አስቀድመው ሌላ ቦታ ይገልብጡት።

መፍታት፣ እና እውነተኛ ሙከራ

ፍቺው እንዲህ ነው፦

ጂፒጂ -ኦ ሙከራ.ታር.ጂዜድ -ዲ መዝገብ.ጂፒጂ

-ኦን ከረሱ ጂፒጂ የተፈታውን ፋይል ስክሪኑ ላይ ይዘረግፈዋል፤ ተርሚናሉ በእንግዳ ምልክቶች ይሞላል። ፋይሉ አልተጎዳም። «ሪሴት» ብለው ኢንተር ይጫኑና ትዕዛዙን ከ-ኦ ጋር ይድገሙት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ነው። ፋይሉን መስጥረው ወዲያው ቢፈቱት ጂፒጂ ሐረጉን ሳይጠይቅ ይከፍትልዎታል። ከጀርባ የሚሠራው ጂፒጂ-ኤጀንት ሐረጉን ለ600 ሰከንድ ያህል ስለሚያስታውስ ነው። ሰው «ይሠራል» ብሎ ኦሪጅናሉን ያጠፋል። የተፈተነው ግን የኤጀንቱ ትውስታ ነው፤ ሐረጉን በትክክል ወረቀት ላይ መጻፍዎ ገና አልተፈተነም። ሙከራውን ከመጀመርዎ በፊት ኤጀንቱን ይዝጉት፦

ጂፒጂኮንፍ --ኪል ጂፒጂ-ኤጀንት

አሁን የፍቺውን ትዕዛዝ ይስጡና ሐረጉን ወረቀቱን እያዩ ያስገቡ። ከጭንቅላትዎ አይጻፉት፤ የሚፈተነው ወረቀቱ ነው። ከተፈታ በኋላ ሁለቱን ያነጻጽሩ፦

ሲኤምፒ ሰነዶች.ታር.ጂዜድ ሙከራ.ታር.ጂዜድ

ምንም ሳይል ወደ ቀጣዩ መስመር ከተሻገረ ሁለቱ ባይት በባይት አንድ ናቸው። ከተቻለ ይህን ሙከራ ፍላሹን በሌላ የራስዎ ወይም የቤተሰብ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ይድገሙት። ፎልደሩን መልሶ ለማውጣት፦

ታር -ኤክስ -ዜድ -ኤፍ ሙከራ.ታር.ጂዜድ

በኢንተርኔት ካፌ ወይም በፎቶኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን አይፍቱ። እዚያ የሚጻፈውን ሐረግ የሚቀዳ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል፤ የተፈታው ፋይልም ከሄዱ በኋላ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ማተም ካስፈለገዎ የሚታተመውን አንድ ገጽ ብቻ ቤት ፈትተው ለብቻው ይዘው ይሂዱ።

ያልተመሰጠረውን ቅጂ ማስወገድ

ጂፒጂ አዲስ ፋይል ይፈጥራል እንጂ ኦሪጅናሉን አይነካም። ሰነዶቹ፣ የታር ፋይሉ እና የሙከራው ፋይል ሦስቱም ክፍት ሆነው ኮምፒውተሩ ላይ አሉ። ዲስኩ አሮጌው ዓይነት የሚሽከረከር ሃርድዲስክ ከሆነ ይህ ትዕዛዝ ፋይሉን ደጋግሞ ጽፎበት ያጠፋዋል፦

ሽሬድ -ዩ ሰነዶች.ታር.ጂዜድ

በኤስኤስዲ (በማይሽከረከረው አዲስ ዓይነት ዲስክ) እና በፍላሽ ላይ ግን ሽሬድን አይመኑት። እነዚህ መሣሪያዎች ሕዋሶቻቸው እኩል እንዲያረጁ አዲሱን ጽሑፍ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል፤ አሮጌው ይዘት በነበረበት ሊቀር ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ሰነዱ መጀመሪያውኑ ክፍት ሆኖ ፍላሽ ላይ እንዳያርፍ ማድረግ ነው። ስካኑ ሙሉ ዲስኩ የተመሰጠረ ላፕቶፕ ላይ ይሁን፣ እዚያው ይመስጠር፣ ወደ ፍላሽ የሚሄደው መዝገብ.ጂፒጂ ብቻ ይሁን። ኡቡንቱ ሲጫን ዲስኩን ለመመስጠር የሚያስችል ምርጫ ያቀርባል፤ ያንን መቀበል በሽሬድ ከመድከም ይሻላል።

ውጭ ላለች እህት ሰነድ መላክ

ዋሽንግተን ላለች እህትዎ በይለፍ ሐረግ የተመሰጠረ ፋይል ቢልኩላት ሐረጉን በምን ይነግሯታል? በቴሌግራም ተራ ቻት ከላኩት ፋይሉና ቁልፉ አንድ ላይ ተቀመጡ ማለት ነው፤ የቴሌግራም ተራ ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። ለዚህ የተሠራው የቁልፍ ጥንድ ነው። እህትዎ ሁለት ቁልፍ ትፈጥራለች። ይፋዊው ይመሰጥራል እንጂ አይፈታም፤ ማንም ቢያየው ችግር የለም። ምስጢራዊው የሚፈታው ሲሆን ከእጇ አይወጣም።

ሁለታችሁም በየራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ፦

ጂፒጂ --ጄኔሬት-ኪ

ስምና ኢሜይል ይጠይቃል፤ ከዚያ ምስጢራዊውን ቁልፍ የሚጠብቅ የይለፍ ሐረግ። እሷ ይፋዊ ቁልፏን ወደ ፋይል ታወጣለች፦

ጂፒጂ -ኤ -ኦ ቁልፌ.ኤኤስሲ --ኤክስፖርት ኢሜይሏ

ይህን ፋይል በቴሌግራምም በኢሜይልም ልትልክ ትችላለች። እርስዎ ያስገቡታል፦

ጂፒጂ --ኢምፖርት ቁልፌ.ኤኤስሲ

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ደረጃ መዝለል አይገባም። ቁልፍ ውስጥ ያለውን ስምና ኢሜይል ማንም መጻፍ ይችላል። መሃል ላይ የገባ ሰው የራሱን ቁልፍ በእህትዎ ስም ልኮ ከሆነ ሰነዱን የሚፈታው እሱ ነው። ሁለታችሁም ይህን ስጡ፦

ጂፒጂ --ፊንገርፕሪንት ኢሜይሏ

40 ምልክቶች ያሉት አሻራ አራት አራት ሆኖ ይወጣል። ድምፅዋን በሚያውቁበት የስልክ ጥሪ ወይም በቪዲዮ እሷ ታንብብ፣ እርስዎ ያመሳክሩ። አርባውንም ይስሙ፤ በመጨረሻዎቹ ስምንት ምልክቶች ብቻ የሚመሳሰል የሐሰት ቁልፍ መሥራት ቀላል እንደሆነ በተግባር ታይቷል። ከተመሳሰለ በኮምፒውተርዎ ላይ ያጽድቁት፦

ጂፒጂ --ኤልሳይን-ኪ ኢሜይሏ

አሁን ይላኩ፦

ጂፒጂ -ኤስ -ኢ -አር ኢሜይሏ -አር ኢሜይልዎ -ኦ ለእህቴ.ጂፒጂ ሰነዶች.ታር.ጂዜድ

-ኢ በቁልፍ መስጥር፣ -አር ለማን የሚለውን ያሳያል። ሁለተኛው -አር የራስዎ ነው፤ እሱን ከተዉት የላኩትን ፋይል እርስዎም መፍታት አይችሉም። -ኤስ ፊርማዎን ያክላል። ይፋዊ ቁልፏን ያገኘ ማንም ሰው ፋይል ሊመሰጥርላት ስለሚችል ከእርስዎ መሆኑን የሚያረጋግጥላት ፊርማው ነው፤ ለዚህም እሷ የእርስዎን ይፋዊ ቁልፍ በተመሳሳይ መንገድ አስገብታ አሻራውን ማመሳከር አለባት። ፍቺው ያው -ኦ እና -ዲ ነው።

ቁልፉን መጠበቅ

ላፕቶፑ ቢጠፋ ምስጢራዊ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል፤ በእሱ የተመሰጠረው ሁሉ ለዘለዓለም ይዘጋል። ስለዚህ ቁልፉን በፈጠሩበት ቀን ቅጂ ያውጡ፦

ጂፒጂ -ኤ -ኦ ምስጢራዊ.ኤኤስሲ --ኤክስፖርት-ሲክሬት-ኪስ ኢሜይልዎ

ሁለት ፍላሽ ላይ፣ በሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጥ። ፋይሉ በይለፍ ሐረግዎ የተጠበቀ ነው፤ ሐረጉ ደካማ ከሆነ ግን ጥበቃውም ደካማ ነው። ጂፒጂ ቁልፉን ሲፈጥር መሻሪያ ሰነድም አብሮ ያዘጋጃል፤ በሆም ፎልደርዎ ውስጥ በነጥብ ከሚጀምረው የጂፒጂ ፎልደር ሥር ያገኙታል። እሱንም ይገልብጡት። ቁልፉ በሌላ እጅ ከገባ «ከእንግዲህ አትጠቀሙበት» ብለው የሚያስታውቁት በእሱ ነው።

ቁልፉ የሚያበቃበት ቀን ሊኖረው ይችላል፤ የሚታየው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቀኑ ካለፈ ሰዎች አዲስ ፋይል ሊመሰጥሩልዎ አይችሉም፤ አሮጌዎቹን መፍታት ግን አይከለክልም። ለማራዘም፦

ጂፒጂ --ክዊክ-ሴት-ኤክስፓየር አሻራው 2ዋይ
ጂፒጂ --ክዊክ-ሴት-ኤክስፓየር አሻራው 2ዋይ '*'

በአሻራው ቦታ አርባውን ምልክት ያለ ባዶ ቦታ ይጽፋሉ፤ 2ዋይ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ሁለቱም መስመር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዋናውን ቁልፍ ብቻ ያራዝማል፤ ምስጠራውን የሚሠራው ግን ንዑስ ቁልፉ ነው፤ እሱን የሚያራዝመው ሁለተኛው ነው። የኮከብ ምልክቱ ጊዜያቸው ያላለፈ ንዑስ ቁልፎችን ብቻ ስለሚነካ ቀኑ ሳይደርስ ያድርጉት፤ ከዚያም የታደሰውን ይፋዊ ቁልፍ እንደገና ይላኩ።

ስህተት ሲመጣ

«ባድ ሴሽን ኪ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ የይለፍ ሐረጉ ስህተት ነው። ካፕስ ሎክንና ኪቦርዱ በየትኛው ቋንቋ ላይ እንዳለ ይመልከቱ።

«ኖ ሲክሬት ኪ» ፋይሉ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ለሌለ ቁልፍ ተመስጥሯል ማለት ነው። ላኪው የቆየ ቁልፍዎን ተጠቅሞ ወይም የእርስዎን -አር ረስቶ ይሆናል። ምስጢራዊ ቁልፉን ከባክአፕ ማስገባት፣ ወይም ላኪው እንደገና እንዲመሰጥር መጠየቅ እንጂ ሌላ መንገድ የለውም።

«ኖ ቫሊድ ኦፕንፒጂፒ ዳታ» ሲል ፋይሉ መንገድ ላይ ተበላሽቷል። የዳውንሎድ ሊንኩ በፋይሉ ፋንታ የድረ ገጹን ጽሑፍ አውርዶ ሊሆን ይችላል፤ የፋይሉን መጠን ከላኪው ጋር ያነጻጽሩ። በጽሑፍ መልክ ከተላከ ደግሞ የመጀመሪያውና የመጨረሻው የሰረዝ መስመር ሳይገለበጥ ቀርቶ ይሆናል።

«ኢናፕሮፕሪየት አዮክትል» የሚለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ በርቀት በኤስኤስኤች ሲገቡ ይመጣል፤ ጂፒጂ ሐረጉን የሚጠይቅበትን ተርሚናል አላገኘም። ይህን ይስጡና ይድገሙ፤ ጂፒጂ እና ቲቲዋይ የሚሉት ከእኩል ምልክቱ በፊት በትልልቅ ፊደል ይጻፋሉ፦

ኤክስፖርት ጂፒጂ_ቲቲዋይ=$(ቲቲዋይ)

ቁልፉ «ወደፊት የተፈጠረ ነው» የሚል ቅሬታ ካዩ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ ባለቀባቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የተለመደ ነው። ቀኑን ካስተካከሉ ይሠራል።

ሌሎቹ መሣሪያዎች

ኤጅ (በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል፦ ኤ፣ ጂ፣ ኢ) በፊሊፖ ቫልሶርዳ መሪነት የተሠራ፣ 1.0 እትሙ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ቀለል ያለ መሣሪያ ነው። የስልት ምርጫ የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉም ተወስኖለታል። -ፒ በይለፍ ሐረግ ይመሰጥራል፤ ሐረጉን ባዶ ከተዉለት ራሱ አሥር ቃላት ያወጣልዎታል። ለራስ ባክአፕ በጣም ጥሩ ነው፦

ኤጅ -ፒ -ኦ መዝገብ.ኤጅ ሰነዶች.ታር.ጂዜድ
ኤጅ -ዲ -ኦ ሙከራ.ታር.ጂዜድ መዝገብ.ኤጅ

ፊርማ ግን የለውም። ከእህትዎ ጋር ለሚደረገው ልውውጥ ጂፒጂ ይቆይ።

ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው የምስጠራ መሣሪያ በየሰርቨሩ ስለሚገኝ ብዙ ሰው በእሱ ይመሰጥራል። ለሚቀመጥ ሰነድ አንመክረውም። «ኢኤንሲ» የሚለው ትዕዛዙ ፋይሉ በመንገድ ላይ መነካካቱን አያረጋግጥም። --ፒቢኬዲኤፍ2 የሚለው አማራጭ ካልተጨመረ ደግሞ ሐረጉን ወደ ቁልፍ የሚቀይረው በአንድ ዙር ብቻ ስለሆነ ለመገመት እጅግ ቀላል ይሆናል። አንድ ሰው በዚህ የመሰጠረውን ፋይል ሰጥቶዎት «ባድ ዲክሪፕት» ካለዎት ሐረጉን ከመጠራጠርዎ በፊት እትሙን ይጠይቁ። ከ1.1.0 ጀምሮ ሐረጉን የሚፈጭበት መደበኛ ስልት ከኤምዲ5 ወደ ኤስኤችኤ256 ተቀይሯል፤ ለአሮጌ ፋይል -ኤምዲ ኤምዲ5 የሚለውን መጨመር ያስፈልጋል። የዙሩ ብዛት በ-አይቴር ተሰጥቶ ከሆነም ቁጥሩ ፋይሉ ውስጥ አይጻፍም፤ የመሰጠረው ሰው ካላስታወሰው ሐረጉ ትክክል ሆኖም ፋይሉ አይፈታም።